ገበያ እንዴት ነው ሲሏችሁ

ስንት ዓመት ሙሉ ለሰው ስመክር ኖሬአለሁ። ደረሰኝ አትጣሉ፣ በፌስታል ቋጥራችሁ አስቀምጡ። የተሰጣችሁን ወረቀት ሳታነቡ አትፈርሙ፤ ማንበብ ካልቻላችሁ የሚያነብላችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ሱቅ ስትዘጉ በሩን ብቻ አትዝጉ፣ ንግድ ፈቃዱንም መልሱ፤ ካልመለሳችሁ በሩ ተቆልፎም ግብሩ ይቆጠራል። ሐምሌን ሙሉ ተኝታችሁ በመጨረሻዋ ቀን አትምጡብኝ። ይሄን ሁሉ የምናገረው በግብር መሥሪያ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላዬን ዘርግቼ፣ የፕላስቲክ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው። ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍና ቅጽ መሙላት ነው። አንዳንዱ ጠበቃ ይለኛል። ድንቄም ጠበቃ! ድሮ እዚያው ግቢ ውስጥ መዝገብ ቤት ስሠራ ቆይቼ፣ የሠራተኛ ቅነሳ ሲመጣ ከነቦርሳዬ የወጣሁ ሴት ነኝ።

ሕጉ ደግሞ አንድ ቦታ አይቆምም። ዘንድሮ አዲስ አዋጅ ወጣ ይባላል፣ ደረጃው ተቀየረ ይባላል፣ በስልክ ክፈሉ ይባላል። ሰው እየሮጠ ወደ እኔ ይመጣል፤ እኔም አንብቤ እነግረዋለሁ። አንዱን ምክር ግን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር፣ ይሄንንማ ማን ያጣዋል ብዬ። የዕለት ሽያጭ ገማቾች ሱቃችሁ ገብተው «ገበያ እንዴት ነው?» ቢሏችሁ፣ ሰላምታ እንዳይመስላችሁ። የምትመልሱት ይጻፋል። አሁን ለሁሉም እናገራለሁ። ወይ ነዶ፣ ቀድሜ ተናግሬው ቢሆን!

ከከተማችን የግንብ በሮች አንዱ በሆነው ፈላና በር አጠገብ ሱቅ የነበራቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። አባባ ነው የምላቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የሶፊ ገጠር ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው ጫት በአህያ ጭነው ከተማ እየመጡ፣ ቀስ በቀስ አንዲት ጠባብ የቀበሌ ሱቅ ተከራይተው እዚያው ቀሩ። የሚሸጡት ለገበሬ የሚሆነውን ነበር፦ ገመድ፣ ማጭድ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ጨው፣ የልብስ ሳሙና፣ ባዶ ማዳበሪያ። ሁለት ገዢ ጎን ለጎን ከቆመ ሦስተኛው ውጪ ይጠብቃል።

ሚስታቸው ዓይናቸው ከጠፋ ብዙ ዓመታቸው ነው። እማማ እላቸዋለሁ። አባባ ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ይዘው ያመጧቸውና ከባንኮኒው ጀርባ፣ የጨው ጆንያው ላይ ያስቀምጧቸዋል። ቤታቸው ውስጥ ግድግዳ እየዳበሱ የሚሄዱት ሴትዮ ሱቅ ውስጥ ዓይናማ ነበሩ። ሳሙናው የት እንዳለ፣ ትልቁ የባትሪ ድንጋይ ከትንሹ በየትኛው መደርደሪያ እንደተለየ እጃቸው ያውቀዋል። ገመድ የሚለኩትም እሳቸው ናቸው፣ በክንዳቸው። ገበሬው «የእማማ ክንድ ረጅም ነው» እያለ የሌላውን ሱቅ አልፎ ይመጣል፤ እሳቸውም «ክንዴ አይደለም የረዘመው፣ የሌላው ነጋዴ ክንድ ነው ያጠረው» እያሉ ይስቃሉ። ባልና ሚስቱ ልጅ የላቸውም። የሚበሉት ከዚያች ሱቅ ነው፣ እማማ ሰው የሚሆኑትም እዚያች ሱቅ ውስጥ ነው።

እኔ ከሥራ ስወጣ የምቀመጥበት እንኳ አልነበረኝም። አጥሩ ሥር ቆሜ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ እያስደገፍኩ ስጽፍ አባባ በዚያ ሲያልፉ አዩኝ። በማግስቱ ከሱቃቸው በርጩማ ተሸክመው መጡ። «ቆሞ አይጻፍም ልጄ፣ ሐርፉም ይንቀጠቀጣል» አሉኝ፤ ፊደሉን ማለታቸው ነው። ዛሬም የምቀመጠው በዚያችው በርጩማ ላይ ነው፤ አንድ እግሯ ተሰብሮ በሽቦ አስሬአታለሁ።

አባባ የማይሠሩት ነገር ቢኖር ማማረር ነው። ዝናብ ጠፍቶ ገበሬው ከሶፊ በማይወርድበት ወር፣ እስከ ዙህር ሶላት ድረስ አንዲት ክብሪት ሳይሸጡ ውለው፣ «ገበያ እንዴት ነው አባባ?» ብትሏቸው «አልሐምዱሊላህ! በረካ ነው፣ ረሕመት ነው» ነው የሚሉት። አንድ ጊዜ ተበሳጭቼ «መደርደሪያው አቧራ ጠጥቶ ምኑ ነው በረካው?» አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ የሚባለው ሲሞላ ብቻ ነው እንዴ? ሲጎድልም ነው። አላህ የሰጠውን ሪዝቅ ያማረረ ሰው በረካው ጥሎት ይሄዳል» አሉኝ። በእሳቸው ቤት የአላህን ስጦታ ጮክ ብሎ መቁጠርም ነውር ነው። ፈላና በር አካባቢ ያሉ ሽማግሌዎች አብዛኞቹ እንደዚያው ናቸው፣ የለመድነው ነገር ነው።

ገማቾቹ የመጡ ቀን እዚያው ነበርኩ። ሳሙና ልገዛ ገብቼ ከእማማ ጎን ጆንያው ላይ ተቀምጬ ወሬ ይዘናል። ሦስት ሆነው ገቡ። አንዷ መዝገብ ቤት አብራኝ ትሠራ የነበረች ናት፤ በዓይኗ ሰላም አለችኝ። ወረቀቱን የያዘው ወጣት ትሑት ልጅ ነው፣ ጫማውን ደጃፉ ላይ ጠርጎ ነው የገባው። አባባ እንግዳ መጣ ብለው ደስ አላቸው። ከጎረቤት ሦስት ለስላሳ አስመጡ፣ በራሳቸው እጅ ከፈቱላቸው። እኔን ለስላሳው ነው ያሰጋኝ። ገማች የሚጋብዝ ነጋዴ አለው ተብሎ ነው የሚገመተው።

«አባባ፣ ገበያ እንዴት ነው?» አለ ወጣቱ።

«አልሐምዱሊላህ! በረካ ነው ልጄ፣ ረሕመት ነው!»

«ጥሩ ይሸጣል ማለት ነው?»

«አላህ የሰጠው መቼ ጎድሎ ያውቃል!»

«በቀን በግምት ስንት ይሆናል?»

«ሪዝቅ አይቆጠርም። የሚበቃ ነው፣ የሚተርፍም ነው።»

ልጁ ፈገግ ብሎ ጻፈ። ቀጠለና «እሺ፣ ገበያ ደራ የሚሉት ቀን ስንት ይሸጣሉ?» አላቸው። አባባ አሰብ አደረጉና የዓረፋ ዋዜማን ነገሩት፤ በዓመት አንድ ቀን፣ ገበሬው ሁሉ በግ መጎተቻ ገመድ የሚገዛበትን ቀን። ያንንም ጻፈ። «እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ» ሲላቸው «ቢስሚላህ» ብለው አውራ ጣታቸውን አሳረፉ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። «ይሄ የዓመት አንድ ቀን ነው፣ ሌላውን ቀን ጠይቁ» ማለት ምን ያቅተኛል? አፌ የማይፈታ ሴት አይደለሁም፣ አገር ያውቀኛል። ግን የድሮ ባልደረባዬ ዓይን አለ። አጥሩ ሥር የምቀመጠው በእነሱ ይሁንታ ነው፤ «ነጋዴ እያስዋሸች ሥራችንን ታበላሻለች» ከተባልኩ ጃንጥላዬን አጥፌ መሄዴ ነው። ዝም አይነቅዝም አልኩና ሳሙናዬን ይዤ ወጣሁ። ይኸው ነቀዘ።

ወረቀቱ ሲመጣ አባባ ለእኔ አላሳዩኝም። የመንግሥት ወረቀት ነው፣ ማኅተም አለው ብለው አክብረው የሻይ ቅጠል ካርቶን ውስጥ አስቀመጡት። ሳምንታት አልፈው እማማ ናቸው «ያቺን ልጅ አስነብባት እንጂ» ብለው ያስወጡት። ከፍቼ አነበብኩት። የሱቁ ዕቃ ተሸጦ፣ መደርደሪያው ራሱ ተነቅሎ ቢሸጥ አይሞላውም። የዓረፋን ዋዜማ በዓመቱ ቀኖች ሁሉ ላይ ዘርግተውታል። የቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ ሊያልፍ የቀረው አራት ቀን ነው።

«አባባ፣ ይሄ ካልተነሳ ሱቁ የለም» አልኳቸው።

«አላህ ያውቃል» አሉ።

«አላህማ ያውቃል! የማያውቀው ግብር ቢሮው ነው!» ብዬ ጮህኩባቸው። እኔ እንግዲህ ስቆጣ እንደዚህ ነኝ። እንዲህ ያስቆጡኝ እሳቸው እንዳልሆኑ ውስጤ ያውቀዋል።

ያን ቀን ማታ ሐኪም ጋራ፣ ከተማው ዳር ኮረብታው ላይ ያለው ቤቴ ሆኜ ማመልከቻውን ጻፍኩ። ገበያው እንደቀዘቀዘ፣ ቀኑን ሙሉ ሳይሸጡ የሚውሉበት ጊዜ እንዳለ፣ ዓይነ ስውር ባለቤታቸውን እንደሚያስተዳድሩ፣ የተናገሩት ሽያጭ የዓመት በዓል ዋዜማ እንደነበር አንድም ሳልዋሽ አሰፈርኩ። ጠዋት ሱቅ ሄጄ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አባባ በትኩረት ሰሙኝ።

«ማነው ይሄ ሰው?» አሉኝ ስጨርስ።

«እርስዎ ነዎታ!»

«አይደለሁም። እኔ እንደዚህ እያልኩ ሰው ደጅ አልቅሼ አላውቅም። ስልሳ ዓመት ያበላኝን ጌታ አሁን ነው ራቁቴን ነኝ ብዬ የማማው?»

«ጌታዎን ያማሉ ማን አለ? እውነቱን ይናገሩ ነው ያልኩት!»

«እውነቱን ተናግሬአለሁ። በረካ ነው ብያለሁ።»

እርር ድብን አልኩ። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ ጥዬ ወጣሁ፣ ተመለስኩ። እንዲህ ስንባባል ሁለት ቀን ሄደ። ሦስተኛው ቀን ላይ እማማ ተናገሩ። እስከዚያ ድረስ ገመድ ሲጠቀልሉ ነበር።

«አንተ ሰው፣ ለአላህ አልሐምዱሊላህ በል፣ ለሰው ደግሞ የሆነውን ንገር» አሉ። «ከዚህ ጆንያ ካነሳኸኝ የት ልታስቀምጠኝ ነው? ቤት ውስጥ እኮ ዕውር ነኝ።»

አባባ ወደ ውጪ ወጥተው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ብዙ ቆይተው ገቡና ቀለሙን አምጪ አሉኝ። አውራ ጣታቸውን ማመልከቻው ላይ ሲያሳርፉ ቢስሚላህ አላሉም፤ እኔም ልብ እንዳላልኩ ሆንኩ።

ማመልከቻው በመጨረሻዋ ቀን ገባ። ለቃል እንዲቀርቡ ቀጠሮ ተሰጠን፤ እስከዚያው በየቀኑ እየሄድኩ አለማመድኳቸው። አቤት የእኔ ነገር! እኔ ገማች ሆኜ ደጃፉ ላይ እቆማለሁ፣ «ገበያ እንዴት ነው?» እላለሁ። እሳቸው «አልሐምዱ...» ብለው ይጀምሩና ያቆማሉ። «የለም ይበሉ!» እላለሁ። «የ...ለም» ይላሉ፣ ሕፃን ልጅ መድኃኒት እንደሚውጥ ፊታቸውን ጨምድደው። እንደገና! እላለሁ። እንደገና ይላሉ። አንድ ሁለት ጊዜ ስቄባቸዋለሁም፤ ሲያልፍ የምንቀልድበት መስሎኝ ነበር።

የቀጠሮው ቀን አብሬአቸው ገባሁ። ሰዎቹን ክፉ ናቸው ልል አልችልም። ሰብሳቢው ከወንበሩ ተነስቶ ነው ያስቀመጣቸው። ማመልከቻውን አነበበ። «እስቲ በአንደበትዎ ይንገሩን አባባ፣ ገበያ እንዴት ነው?» አላቸው።

አባባ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። ራሴን ነቀነቅሁላቸው።

«የለም» አሉ። «ገበያ የለም። ሳልሸጥ የምውልበት ቀን ብዙ ነው።»

እሰይ! አልኩ በሆዴ። ሰብሳቢው ግን ፋይሉን ገለጠና ያንን የመጀመሪያውን ቅጽ አወጣ። «እዚህ ላይ ደግሞ በረካ ነው፣ የሚበቃም የሚተርፍም ነው ብለው አሻራዎን አኑረዋል። የትኛውን እንያዝ?»

«ልጄ፣ አልሐምዱሊላህ ማለት ሲሞላም ነው፣ ሲጎድልም ነው...» ብለው ማስረዳት ጀመሩ።

«ይገባኛል አባባ። እኔም ቤት አባት አለኝ» አለ ሰውየው፣ ዓይኑን እያሸ። «ግን እኔ የምጽፈው አንዱን ነው። ያኔ ያሉት ነው እውነቱ ወይስ ዛሬ የሚሉት?»

አባባ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ ውጪ ሌላ ባለጉዳይ ተሰልፏል። እኔ ነኝ ክርናቸውን ነካ አድርጌ «ይናገሩ አባባ፣ ሱቁ ይሄድብዎታል» ያልኳቸው። እጄን ቢቆርጠው!

«የዛሬው ነው እውነቱ» አሉ።

«ያኔ ያሉት ውሸት ነበር ማለት ነው?»

«አዎ» አሉ። «ያኔ ያልኩት... ውሸት ነበር።»

ሰውየው ጻፈ። አባባ ስልሳ ዓመት ያሉትን ቃል ውሸት ነው ብለው፣ ማኅተም ባለው ወረቀት ላይ እንደገና አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። ስንወጣ ቀለሙን በነጠላ ኩታቸው ጫፍ ይፈትጉት ነበር። አልለቀቀም።

መልሱ ለመምጣት ብዙ አልቆየም። ግብር ከፋዩ በራሱ አንደበት ሁለት የተለያየ ቃል ስለሰጠ፣ ለሁለተኛው ቃሉም የደረሰኝም ሆነ የመዝገብ ማስረጃ ስላላቀረበ፣ ግምቱ ጸንቷል ይላል። ምን ይባላል? ወረቀት የለዎትም ነው የተባሉት፤ ወረቀት ደግሞ እውነትም አልነበራቸውም። ከዚህ በላይ ይግባኝ ለማለት ከተጠየቀው ከፊሉን አስቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል፤ እሳቸው ይሄን ከየት ያመጣሉ! ዕቃው በጅምላ ወጣ። አልበቃ ሲል ሶፊ ካለው የአባታቸው የጫት ማሳ የደረሳቸውን ድርሻ ለወንድማቸው ልጅ ለቀቁ። ተከፈለ። ዕዳ የለም የሚለው ክሊራንስ ወጣ። ፈቃዱን የመለስኩት እኔ ነኝ፣ በሩ ተዘግቶ ግብር እንዳይቆጠርባቸው። እንግዲህ በዚህ በኩል ምክሬ ሠርቷል።

ቅጹ ላይ «ሥራ ያቆሙበት ምክንያት» የሚል ቦታ አለ። «ምን ልጻፍ አባባ?» አልኳቸው። ትከሻቸውን ነቀነቁ። በእርጅና ብዬ ሞላሁት።

ሱቁ አሁን የሞባይል መጠገኛ ሆኗል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ዳቦ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። አባባ መስጊድ ናቸው። እማማ ብቻቸውን በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ከሱቅ የተረፈች ቁራጭ ገመድ እጃቸው ላይ አለች፤ በክንዳቸው ይለኳታል፣ ይፈቷታል፣ እንደገና ይለኳታል። ዳቦውን ስሰጣቸው ተሳስተው አየር ጨበጡ። ሱቅ ውስጥ እንደዚያ ሲሆኑ አይቻቸው አላውቅም።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «ገማቾቹ የመጡ ቀን ከጎኔ ነበርሽ አይደል?»

«ነበርኩ እማማ።»

«አዎ፣ ትንፋሽሽን እሰማ ነበር። ልትናገሪ አየር ሳብሽ፣ ከዚያ ተውሽው።» ዳቦውን ቆርሰው ለእኔም ሰጡኝ።

አሁንም አጥሩ ሥር ነኝ። በርጩማዋ ላይ ተቀምጬ፣ ለመጣው ሁሉ «ገበያ እንዴት ነው ሲሏችሁ ሰላምታ እንዳይመስላችሁ፣ የዘወትሩን ቀን ብቻ ተናገሩ፣ የበዓልን ቀን አትጥሩ» እላለሁ። ሰዎች ይሰሙኛል፣ ያመሰግኑኛል፣ ይከፍሉኛል። አንዳንዴ ሽማግሌ ሲመጣ ምክሩን ሳልነግረው ልተወው እፈልጋለሁ። ግን ካልነገርኩት ሱቁ ይሄዳል፣ ከነገርኩት ደግሞ ያ የአባባ ፊት ይመጣብኛል። መላው ጠፍቶኛል። እውነቴን ነው የምለው፣ ማታ ስተኛ ለየትኛው እንደምጸልይ እንኳ አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ከሐኪም ጋራ በባጃጅ ወርጄ በፈላና በር ሳልፍ አባባን አየኋቸው። ከድሮ ሱቃቸው ፊት ለፊት፣ ግንቡን ተደግፈው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ድሮ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ነበር እጃቸውን የሚያነሱት። ወርጄ ቀረብኩና ዝቅ ብዬ እጃቸውን ሳምኩ።

«እንዴት አደሩ አባባ? እንዴት ነዎት?»

አፋቸውን ከፈቱ። ቃሉ ሲመጣ አየሁት፣ ከንፈራቸው ጫፍ ደርሶ ነበር። ከዚያ ብብቴ ሥር ያለውን የወረቀት ፋይል አዩ። ከኋላዬ ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ ዘወር ብለው ተመለከቱ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«ምን ልበል ልጄ?»